የአደይ ስሙኒ

«ያቺ ልጅ ሕፃኗን እንዳትነካት» የሚለውን ቃል ጥሩሸዋ የሰማችው ከማጀቱ ግድግዳ ማዶ ነው። ግድግዳው እስከ ወገቡ በጭቃ የተለሰነ፣ ከዚያ በላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ ስለሆነ በሹክሹክታ የተባለውንም አያስቀርም። ተናጋሪዋ የምራቷ እናት ወይዘሮ ገበያነሽ ነበሩ። «ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያንን ባናዋን ይዛ እየመጣች ታለብሳታለች። ‹በርዷታል› ትላለች። አራስ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ደግ አይደለም። ሕፃን ያየውን ይወርሳል። የሕፃኗ ሰማንያ ቀን እስኪሞላ ወደ አገሯ ወደ ቀየት ትሂድ፤ ለክርስትናው ያመጧታል።» ምራቷ ፍሬሕይወት ምን እንደመለሰች አልተሰማም። የጥሩሸዋ ልጅ አስቻለው ግን እዚያው ነበረ፤ ጫማውን ሊያስር ሲያጎነብስ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰምታዋለች። ስለ እኅቱ አንድ ቃል ይናገር እንደሆነ ብላ ጠበቀች። የውጩ በር ተከፈተ፣ የታኅሣሥ ብርድ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። አስተማሪው ልጇ ምንም ሳይል ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

ሴት ልጇ አደይ እዚያው አጠገቧ፣ በገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያህላል። ፊቷ ሰፊ፣ ቆዳዋ ደረቅ ነው፤ ምላሷ ለአፏ ይበዛባታል። ሲጠሯት ዞር የምትለው ዘግይታ ነው፤ ቃሉ ከሩቅ አገር ተጉዞ የሚደርሳት ይመስላል። ከገዛ ፈትሏ የተሠራ ግራጫ ባና አላት። ክረምት ከበጋ አታወልቀውም፤ ፀሐይ በወጣበት ቀን እንኳ ተጠቅልላበት ትቀመጣለች። ሁልጊዜ ይበርዳታል። የጎረቤት ሕፃናት ሳይቀሩ «አደይ» ብለው በስሟ ይጠሯታል፤ በሠላሳ አንድ ዓመቷ እትዬ ያላት ሰው የለም። ሌላ ሴት በአንድ ወር የምትፈትለውን እርሷ በሦስት ወር ትፈትላለች። የቀየት ሸማኔዎች ግን የእርሷን ክር ይመርጣሉ፤ እኩል ነው፣ አይበጠስም። ከግድግዳው ማዶ የተባለውን ትስማ አትስማ ከፊቷ ማወቅ አይቻልም ነበር።

አስቻለው የተከራየው ቤት ሁለት ክፍልና ይህች ጠባብ ማጀት ነው፤ ኪራዩ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር። ሞላሌ ከተማ ውስጥ በዚህ ዋጋ መስኮት ያለው ቤት ማግኘት እንደ ዕድል ይቆጠራል። ከመስኮቱ አጠገብ የአራሷ አልጋ በአበባ መጋረጃ ተከልሎ ቆሟል፤ በራስጌው ከአስቻለው የደብተር ክምር ላይ የአጥሚት ጣሳ ተቀምጧል። ጥሩሸዋ ከቀየት የመጣችው ከአራት ቀን በፊት ነው። ቅቤ ኪሎው ሺህ ብር በገባበት ዓመት ሁለት ኪሎ ይዛ መጣች። ወይዘሮ ገበያነሽ «ምን አስቸገረዎት» ብለው ተቀበሉና በሳጥን ቆለፉበት። አልከፋትም። አራስን ማጠብ፣ መመገብ፣ ሕፃኑን መያዝ የሴቲቱ እናት ወግ ነው፤ የባል እናት እንግዳ ናት። እንግዳ ደግሞ የሕፃኗን ጥቅልል ይስማል፣ ጥቅልሉን አይፈታም። አደይንም ይዛ የመጣችው እቤት የሚጠብቃት ሰው ስላጣች እንጂ ሌላ አስባ አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ላይ ባለ ሱቋ ጎረቤት ጌታነሽ አንድ እሽግ ማካሮኒና ሁለት ሳሙና በፌስታል አንጠልጥላ ገባች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ በመጋረጃው በኩል አጎነበሰች፤ ሕፃኗን አይታም በትንሹ እንትፍ እንትፍ አለችባት። «ዛሬም ተኝታለች? ይቺ ልጅ ሰማይ ቤት ስትፈጠር እንቅልፍ ሲታደል ቀድማ ደርሳለች! የእኔው ጉድ እኮ ጩኸቱ ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚሰማ። ባለቤቴ ‹ይሄንን ልጅ ለቀበሌው ማስታወቂያ ብናከራየውስ?› ይላል።» ሴቶቹ ሳቁ። ወይዘሮ ገበያነሽ ኮራ ብለው «በእኛ ቤት ጩኸት አይታወቅም» አሉ። «እናቷም እንዲሁ ነበረች። ጨዋ ልጅ ከአራስነቱ ያስታውቃል። አሁን ይቺ፣ እኔ ካልቀሰቀስኳት ጡት አትጠይቅም።» ጌታነሽ ወደ ፍሬሕይወት ዞራ «አንቺ ታድለሽ!» አለች።

ጥሩሸዋ ጥግ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። «አንቺ ታድለሽ» የሚለው ቃል በሠላሳ አንድ ዓመቱ ተመልሶ መጣ። ያኔ ቀየት ላይ፣ በአረም ጊዜ፣ ሕፃኗን ከእርሻው ዳር አስተኝታ ቀኑን ሙሉ ስታርም የምትውለው እርሷ ብቻ ነበረች። የጎረቤቷ ልጅ በየሰዓቱ እናቱን ከሥራ ሲያስነሳ አደይ ትተኛለች። ሴቶቹ ሁሉ «አንቺ ታድለሽ» ይሏታል። እርሷም ትኮራ ነበር፤ ለጎረቤቷም ታዝንላት ነበር። ያ ጎረቤቷን ሲያስነሳ የኖረ ልጅ ዛሬ የአይሱዙ ሹፌር ሆኖ ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል።

ጌታነሽ እንደወጣች ወይዘሮ ገበያነሽ የውሃውን ሙቀት በክርናቸው ለክተው ሕፃኗን በላስቲክ ሳፋ ሊያጥቡ ተቀመጡ። ጥቅልሉን እየፈቱ ዞር ሳይሉ «ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ስሙኒ አይጠፋዎትም መቼም» አሉ። «የድሮዋ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ስሷ። እንብርቷ አልገባ ብሎናል፤ የአሁኑ አንድ ብር ወፍራም ነው፣ ይጫናታል።» ጥሩሸዋ የመቀነቷን ጫፍ ጨበጠች። እዚያ፣ በትንሽ ቋጠሮ ውስጥ፣ ከአደይ እንብርት ላይ የፈታቻት ስሙኒ አለች። ለምን እንዳኖረቻት ራሷም አታውቅም፤ መቀነት በለወጠች ቁጥር ቋጠሮውን ከአሮጌው ፈትታ በአዲሱ ታስረዋለች። ልትሰጥ ተነሣችና ቀረበች። ሕፃኗን ያለ ጨርቅ ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር።

እንብርቷ እንደ ትንሽ ድንች ተገፍቶ ወጥቷል። ሆዷ ተነፍቷል፤ ወይዘሮ ገበያነሽ «ሰገራ ከወጣላት አራት ቀኗ ነው፣ ቅቤ አውጠናት እንኳ» አሉ። የቆዳዋ ቢጫነት የመስኮቱ ብርሃን ያመጣው መስሏት ጥሩሸዋ ቦታ ለውጣ አየች፤ አልተለወጠም። የምላሷ ጫፍ በከንፈሮቿ መካከል ተቀምጧል። ውሃው ሲነካት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ድምፅ ግን ልቅሶ አልነበረም፣ ጉንፋን የያዘው አዋቂ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚያሰማው ዓይነት ሻካራ ነገር ነበር። ወዲያው ዝም አለች። ጥሩሸዋ እጇን ዘርግታ ትንሿን እግር ያዘች። ቀዝቃዛ ነው። በመንዝ በታኅሣሥ የማይቀዘቅዝ እግር የለም፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። እርሷም ያኔ አልጠየቀችም። ይህ እግር ግን ከሞቀ ውሃ ውስጥ የወጣ እግር ነበር።

«የለኝም» አለች። የመቀነቷን ጫፍ ወደ ቦታው መለሰች። «አንድም ስሙኒ የለኝም።»

ወይዘሮ ገበያነሽ አንድ ብሩን በጨርቅ ጠቅልለው እንብርቷ ላይ አሰሩት። ከዚያ፣ ሕፃኗ ተጠቅልላ አልጋዋ ውስጥ ከገባች በኋላ፣ ነገሩን በወግ አነሡት። ብርዱ ለአደይም እንዳልተስማማት፣ ማጀቱም ለሁለት ሰው እንደሚጠብ፣ ቀየት ዘመድ እንደማይጠፋ፣ ለክርስትናው ጠላው ሲጠመቅ ሁሉም ተሰብስቦ እንደሚደሰት። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ጥሩሸዋም «እውነትዎን ነው» አለች። «መኪና ሳያመልጣት አሁኑኑ ላሳፍራት።» አደይ እንዝርቷንና የፀጉሩን ፌስታል ይዛ ስትወጣ በአልጋው አጠገብ ቆመች። «በርዷታል» አለች። ጥሩሸዋ እጇን ይዛ አወጣቻት።

ከቤቱ እስከ መናኸሪያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከአደይ ጋር ሃያ አምስት ይሆናል። ነፋሱ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ወደ አንድ ወገን አጎንብሷቸዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ድንች በመደብ በመደብ ተዘርግቷል፤ አንዱ መደብ ሠላሳ ብር ነው። የጨው ነጋዴዋ እሽጉንና ከጆንያ የሚሰፈረውን ጎን ለጎን አስቀምጣለች፤ የሚሰፈረው ስለሚረክስ ገዢው ወደዚያ ያዘነብላል። ጥሩሸዋ የልጇን እጅ ይዛ እየሄደች ስለ አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ ስለ መደቡ። ይህኛው የድንች መደብ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ያለው፣ በጭቃ የተሠራው መቀመጫ ነው። አደይ ሦስት ዓመት ሞልቷት ሳትሄድ ስትቀር፣ ሰው ሲጠይቅ «ከመደብ ወድቃ ነው» አለች። አንድ ቀን ብቻ ያለችው ቃል ነበር። ባሏም አመነ፤ እስኪሞት ድረስ ያንን መደብ አፍርሶ ዝቅ አድርጎ እንደሠራው ይናገር ነበር። አስቻለው በዚያ ቃል ላይ ተወልዶ አደገ። ከሦስት ዓመት በፊት ለፍሬሕይወት ሽማግሌ ሲላክ የሴቲቱ ወገኖች «እኅትየዋ ምን ሆና ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ሽማግሌዎቹ «በሕፃንነቷ ከመደብ ወድቃ ነው እንጂ በዘራቸው የለም» ብለው መለሱ። ቃሉ በሰው ፊት ጸና። ዛሬ ተነሥታ «አልወደቀችም» ብትል ልጇን ውሸታም፣ ሽማግሌዎቹን ሐሰተኛ፣ ትዳሩንም የተንኮል ትዳር ታደርገዋለች። ዝም ብትል ደግሞ የዚያች ሕፃን እግር ከሙቅ ውሃ ወጥቶ ይቀዘቅዛል።

መናኸሪያው ላይ ረዳቱ «ቀየት! ቀየት! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ግማሹ ባዶ ነው። «እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ ይቺን ትንሿን በግማሽ ሒሳብ አደርግልዎታለሁ» አላት አደይን አይቶ። ጥሩሸዋ «ትንሽ አይደለችም፤ ከአንተ ታላቅ ናት» አለችው። ረዳቱ ሳቀና ወደ ሌላ ተሳፋሪ ዞረ። አደይ እግሯን በመኪናው ደረጃ ላይ አሳረፈች። ጥሩሸዋ የባናውን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ሳበቻት፤ መንገዱን ተሻግረው ሽቅብ ወጡ፣ ወደ ጤና ጣቢያው።

ካርድ የሚያወጣው ሰው «ታማሚዋ ማን ናት?» ሲል ወደ አደይ ጠቆመች። «ምኗን ነው የሚያማት?» ሲል «ምኗንም» አለች። ሰውየው ቀና ብሎ አያቸው፤ «ጠቅላላ» ብሎ ጻፈ። በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ስለ በግ ዋጋ ያወራሉ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሎሚ ታሸታለች። አደይ እንዝርቷን አውጥታ ትፈትል ጀመር። ተራቸው ሲደርስ የገቡባት ክፍል ጠባብ ነበረች፤ ጠረጴዛ፣ ሚዛን፣ የተሰነጠቀ መስታወት ያለው መስኮት። የጤና መኮንኗ እየሩስ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነጩን ጋውን ከወፍራም ሹራብ ላይ ደርባዋለች።

«እናቴ፣ ምን ሆና ነው?»

«እኔ የመጣሁት ስለ ሌላ ሰው ነው ልጄ» አለች ጥሩሸዋ። «የልጄ ልጅ ናት። ሠላሳ ሦስት ቀኗ ነው፤ ሰማንያዋ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ይህችን አመጣኋት። ይህችን እይልኝና ስለዚያችኛዋ ንገሪኝ።»

እየሩስ ብዕሯን አነሣች። ጥሩሸዋም መናገር ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ አንዱን ከሌላው ሳታምታታ፣ እንደ ጸሎት። አታለቅስም። ለጡት አትነቃም፣ ቀስቅሰው ነው የሚያጠቧት፣ እየጠባችም ታንቀላፋለች። ቢጫነቱ አልለቀቃትም። ሆዷ ይደርቃል። ድምፅ ብታወጣ ሻካራ ነው። እንብርቷ ወጥቷል፣ ምላሷ አይገባላትም፣ ከሙቅ ውሃ ብትወጣም ትቀዘቅዛለች። ሰው ሁሉ ያመሰግናታል። እየሩስ ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች። «ይቅርታ እናቴ፣ አሁን የሚነግሩኝ ስለ የትኛዋ ነው?»

«ስለ ሁለቱም» አለች ጥሩሸዋ።

እየሩስ የአደይን እጅ ያዘች፣ ቆዳዋን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ የልብ ምቷን በሰዓቷ ቆጠረች። ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታች፤ እግሩ ተነሣ፣ ግን ሲመለስ ዘገየ። ከዚያ «ይህንን ተምሬዋለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም» አለችና ስልኳን ይዛ ወጣች። በመስኮቱ በኩል ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች፣ ደብረ ብርሃን ላለ አስተማሪዋ ስትናገር ትታያለች። ስትመለስ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አንሥታ ጥሩሸዋ ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«እዚህ ጋ» አለች የራሷን አንገት በሁለት ጣቷ ነክታ፤ «ትንሽ ዕጢ አለች። ስታብጥ እንቅርት የምንላት እርሷ ናት። ከእርሷ ወደ ደም የሚገባ ሆርሞን የሚባል ነገር አለ፤ እጅግ ጥቂት ነው፣ ዓይን አያየውም። ሕፃን በማሕፀን ሳለ የእናቱ ይደርሰዋል። ሲወለድ ግን የራሱ ዕጢ መሥራት አለባት። ካልሠራች ሕፃኑ የታመመ አይመስልም፣ አያስቸግርም፤ ዝም ይላል። አንጎል ዋናውን ሥራውን የሚሠራው ደግሞ በነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ያለዚያ ሆርሞን አይሠራም። ወራቱ ካለፉ በኋላ ብንሰጠው አካሉ ይጠቀማል፣ አንጎሉ ግን ያለፈውን አያካክስም።»

ጥሩሸዋ የመቀነቷን ጫፍ ዳሰሰች። «የሐምሌው ዝናብ በኅዳር ቢዘንብ እንደማለት ነው» አለች።

«እንደዚያ ነው እናቴ።»

«መድኃኒት አለው?»

«በቀን አንዲት ኪኒን። ለሕፃን ቁራጯ፣ በእናቷ ወተት ሟሙታ። በመጀመሪያ ግን ደሟን ማየት አለብን። ዛሬ ከቀዳሁት ነገ በጠዋቱ መኪና እልከዋለሁ።»

«ከሰማንያው በኋላ ብናመጣትስ?»

እየሩስ ዞር ብላ አደይን ተመለከተች። አደይ እንዝርቷን እያሾረች ነበር።

«ያ ኪኒን» አለች ጥሩሸዋ፣ ድምጿ ሳይለወጥ፤ «ያኔም ነበረ? ከሠላሳ ዓመት በፊት?»

እየሩስ በእጇ ያለውን ወረቀት አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። «ነበረ» አለች። «እዚህ አልነበረም።» ቀጥላም፣ ምክንያቱ በዘር የሚወርድ ሊሆን እንደሚችል፣ ከሚሰፈረው ጨው አዮዲን መጥፋትም ሊመጣ እንደሚችል፣ ይህን የሚለየው ምርመራ እንጂ ሐሜት እንዳልሆነ ነገረቻት። «የእርሷንም ደም እወስዳለሁ» አለች ወደ አደይ እያየች። «እንዳሰብኩት ከሆነ እርሷም ትጀምራለች። ያለፈው አይመለስም፤ ግን ይሞቃታል።»

«ይሞቃታል?»

አደይ ይህን ጊዜ ቀና አለች። «በርዷታል» አለች።

«ማን ናት የበረዳት?» አለች እየሩስ።

ለመመለስ ጊዜ ወሰደባት። «ልጅቷ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲል ተመለሱ። አስቻለው ከትምህርት ቤት መጥቶ ምሳውን ከማዕዱ ጥግ ይበላ ነበር። ወይዘሮ ገበያነሽ አደይን ከእናቷ ኋላ ሲያዩ «መኪናው ሞላ እንዴ?» አሉ። ጥሩሸዋ አልተቀመጠችም። የመቀነቷን ቋጠሮ በጥርሷ ጭምር ፈታች፤ ከረጅም ዘመን የጠበቀ ስለነበር ቶሎ አልተፈታም። ስሙኒዋን አውጥታ በማዕዱ ላይ አስቀመጠቻት። ስሙኒዋ ላይ የተቀረጸው የአንበሳ ራስ ከመታሸት ብዛት ፊቱ ጠፍቷል።

«ጠዋት የለኝም ያልኩት ይህ ነው» አለች። «ከአደይ እንብርት ላይ የፈታሁት ነው። አደይ ከመደብ አልወደቀችም። ከየትም አልወደቀችም። ስትወለድ እንዲህ ነበረች፣ እንደዚህች። አታለቅስም ነበር። ቢጫ ነበረች። ሰው ሁሉ ‹አንቺ ታድለሽ› ይለኝ ነበር፤ እኔም አመሰግን ነበር።» የእየሩስን ነገር ነገረቻቸው፤ ዕጢዋን፣ ወራቱን፣ ኪኒኗን። ያልገባትን አልጨመረችም። «ደሟ ዛሬ ይቀዳ ትላለች።»

አስቻለው የጎረሰውን ሳይውጥ ቀረ። እናቱን አየ፣ ከዚያ እኅቱን አየ፤ በሕይወቱ ሙሉ ያላያትን ሰው እንደሚያይ። ወይዘሮ ገበያነሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ በቤታቸው ጩኸት አይታወቅም። «በሽማግሌ ፊት ዋሻችሁን» አሉ። «በዘራችሁ እያለ ልጄን ወሰዳችሁ።»

«እኔ ነኝ የዋሸሁት። እርሱ አያውቅም፤ እርሱንም ዋሽቼዋለሁ። በዘር ይሁን በጨው፣ ገና አልታወቀም። በዘር ከሆነ ፍርዱ በእኔ ላይ ነው፤ ለክርስትናው ዕለት ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ይጠይቁኝ። እስከዚያ ግን አርባ ሰባት ቀን አለ።»

የቆርቆሮው ጣራ በነፋሱ ይንኳኳል። አንድ ባጃጅ በደጅ አለፈ። በአልጋው ላይ ያለችው ሕፃን ተኝታለች፤ ሁሉም፣ በዚያች ሰዓት፣ ስታለቅስ ለመስማት ጆሯቸውን ያቀኑ ይመስል ነበር። አላለቀሰችም። መጋረጃው ተገለጠ፤ ፍሬሕይወት እግሮቿን ወደ መሬት አውርዳ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ ያኮረፈ ሰው መልክ አልነበረም። ሠላሳ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ስትጠረጥር ቆይታ ስሙን ዛሬ የነገሯት ሰው መልክ ነበር።

«እማማ» አለች ጥሩሸዋን፤ «ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?»

«አሥራ አንድ ተኩል።»

«ሰማንያዋ ሳይሞላ?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። «ሳትጠመቅ፣ በዚህ ብርድ፣ በገበያ መካከል?» ልጃቸው ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ነበር፤ አስቻለው ተነሥቶ ከአልጋው ሥር አወጣላትና ተንበርክኮ አሰረላት። ሕፃኗን በሁለት ፎጣና በአንድ ጋቢ ጠቀለሏት። በሩ ሲከፈት ነፋሱ እስከ አልጋው ገባ። ወይዘሮ ገበያነሽ ቆመው ነበር፤ ሊከለክሉም ሊሄዱም አልቻሉም። በመጨረሻ ወደ ማጀቱ ገብተው የሽንኩርቱን ትንሽ ቢላ ይዘው ወጡ። በልብሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ በጨርቅ ጠቀለሉት፣ በልጃቸው ወገብ፣ በመቀነቱ ውስጥ ሻጡት። አራስ ካለብረት ከደጅ አትወጣም። «ፈጥናችሁ ተመለሱ» አሉ። ጥሩሸዋን ግን አላዩአትም።

አስቻለው ባጃጅ ሊያስቆም ቀድሞ ወጣ። ፍሬሕይወት ከበሩ ደፍ ላይ ደርሳ ሳለ፣ ከኋላዋ እጇን የነካት ነገር ተሰማት። አደይ ነበረች። ባናውን ከትከሻዋ አውልቃ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ያለ እርሱ ደረቷ ጠባብ፣ አንገቷ አጭር ሆኖ ይታያል። «በርዷታል» አለች። የወይዘሮ ገበያነሽ እጅ ሳያስቡት ከፍ አለ፤ አየር ላይ ቆመና ቀስ ብሎ ወረደ። ፍሬሕይወት ወደ ኋላ ዞረች። ጋቢውን ገልጣ የልጇን ትንሽ እግር በመዳፏ ያዘች፤ ያዘችና ቆየች።

«አዎ» አለች። «በርዷታል፣ እትዬ አደይ። ነይ፣ አልብሻት።»

ቃሉ ከሩቅ ተጉዞ አደይ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ሁሉም ቆመው ጠበቋት።